ቀጠሮው ሲቀር ስኳሩ አይቀርም
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል፣ በቤተሰብ ጤና ቀን የተደረገ ንግግር)





በመካከላችን ሐኪሙ፣ መምህሩና ሽማግሌው እያሉ ለእኛ ለባለሱቆቹ የመናገር ዕድል ስለተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። እንደምታውቁን እኛ ባልና ሚስት እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሠፈር በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና እንጀራ እየሸጥን ልጆቻችንን ያሳደግን ሰዎች ነን። ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከባንኮኒ ጀርባ ቆመን ያየነውን፣ ኋላም ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

ርእሳችን የኮሮና ወረርሽኝ የስኳር ሕመምተኞችን የክሊኒክ ክትትል እንዴት እንዳቋረጠ፣ ምንስ እንዳስከተለ የሚመለከት ነው። «ኮሮናማ አለፈ፤ ዛሬ በበዓል ቀን ማንሳቱ ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን በሜይ 5 ቀን 2023 አስታውቋል። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ የተቋረጠው ክትትል ያስከተለው ጉዳት ከአስቸኳይ ሁኔታው ጋር አብሮ አላበቃም። የተቆረጠ ጣት ተመልሶ አይበቅልም። የደከመ ዓይንና ኩላሊትም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ከዚያ ወዲህም የክሊኒክ በር በሌላ ምክንያት ሲዘጋ አይተናል። በ2024 ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ የኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ደግሞ ናይሮቢን ጎርፍ አጥለቅልቋት መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቶ ነበር። ነገም የሚመጣው አይታወቅም። በመሆኑም ያየነውን ለልጆቻችን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባናል ብለን ይህን ርእስ መርጠናል።

በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ቀኖች፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪካቸውን የምንነግራችሁን ሰዎች ፈቃዳቸውን ጠይቀናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

በሩ እንዴት ተዘጋ?

ኬንያና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ያስታወቁት በአንድ ቀን ነው፤ ማርች 13 ቀን 2020፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ሲደወል ይውልና ያድር ነበር። ማርች 27 ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሚቆይ ሰዓት እላፊ ተጀመረ። ኤፕሪል 6 ደግሞ ከናይሮቢና ከአካባቢዋ መውጣትና ወደ እሷ መግባት ተከለከለ። ሜይ 6 ላይ ተራው የእኛ ሆነና የኢስሊ ሠፈር ብቻውን ተዘጋ። መጀመሪያ ለ15 ቀን ነው ተባለ፤ ኋላ ተራዝሞ አንድ ወር ሞላ።

ይህ ለጤነኛ ሰው ችግር ነበር። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ክሊኒክ መቅረብ ላለበት የስኳር ሕመምተኛ ግን ችግሩ በየፈርጁ ነበር።

አንደኛው መንገዱ ነው። 14 ሰው የሚጭነው ማታቱ ከ8 ሰው በላይ እንዳይጭን ታዘዘ። ባለመኪናው የጎደለውን ሒሳብ ከተሳፋሪው ላይ ፈለገና ታሪፉ ወጣ። ከዚያም በላይ ሠፈሩ ተዘግቶ ሳለ ክሊኒኩ ከኬላው ወዲያ የሆነበት ሰው ነበር። ወረቀት ያልተሟላለት ስደተኛ ወገናችን ደግሞ «ፖሊስ ያስቆመኛል» ብሎ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ምግብ ቤት የሚሠሩት፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት፣ በቀን ሥራ የሚያድሩት ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀጥ አለ። ከአሜሪካና ከአረብ አገር ገንዘብ የሚልኩት ዘመዶችም እነሱው ሥራ ፈትተው ተቀመጡ። የቤት ኪራይና ምግብ እያለ ለመድኃኒት የሚተርፍ አልነበረም።

ሦስተኛው ፍርሃቱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ኮሮና ሲይዘው እንደሚጸናበት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ይነገር ነበር። ይህ እውነት ነው፣ ሐኪሞችም አረጋግጠዋል። ነገር ግን «ተጠንቀቁ» የተባለው ምክር ከጆሯችን ሲደርስ «ክሊኒክ አትሂዱ» ሆነ። «ኮሮና ያለው ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ሄጄ በሽታ ልሸምት?» ያላለ ሽማግሌ በሠፈራችን አልነበረም ማለት ይቻላል። እነዚያን ሽማግሌዎች ልንወቅሳቸው አንችልም። በየቀኑ የሟች ቁጥር እየተነበበ ማን ደፍሮ ይወጣል?

አራተኛው ከክሊኒኮቹ በኩል የመጣው ነው። ቀጠሮ ተራዘመ፤ አንዳንዱ ጨርሶ ተሰረዘ፤ ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ኮሮና ሥራ ተዛወሩ። ይህ የኬንያ ብቻ ችግር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2020 በ155 አገሮች ጠይቆ በጁን 1 ቀን ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ከአገሮቹ በ49 በመቶው የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም በሙሉ መስተጓጎሉን ያሳያል። የደም ግፊት ሕክምና ደግሞ በ53 በመቶው ተስተጓጉሏል። በምክንያትነት በብዛት የተጠቀሱት የታቀዱ ሕክምናዎች መሰረዝ፣ የትራንስፖርት መቀነስና የጤና ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ መዛወር ናቸው። እኛ በአንዲት ሠፈር ያየነው ነገር በዓለም ዙሪያ የሆነ ነበር ማለት ነው።

አምስተኛውን ግን ጥናት ውስጥ አላየነውም። እሱ የስደተኛ ችግር ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን ክሊኒክ የሚሄዱት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚያውቅ ልጅ ይዘው ነው። በኮሮና ጊዜ ግን «ከታማሚው በቀር አጃቢ አይገባም» ተባለ። እናት ብቻዋን ገብታ የተባለችውን ሳትሰማ ወጣች። ቀጠሮው በስልክ ይሁን ሲባልም ነርሷ ትደውላለች፤ እናታችን «እሺ፣ እሺ» ብላ ትዘጋለች፤ ምን እንደተባለች የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለችው እናት በመዝገብ ላይ ክትትል ያደረገች ተብላ ተጽፋ ይሆናል፤ በእውነቱ ግን የተቋረጠባት ናት።

ይህ ሁሉ ቀለል አለ፣ ሰውም መውጣት ጀመረ ስንል በዲሴምበር 2020 የመንግሥት ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች፣ ቀጥሎም ሐኪሞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጥያቄያቸው የመከላከያ አልባሳት፣ የጤና መድንና ሌላም ነበር፤ ባልደረቦቻቸው በኮሮና እየሞቱባቸው ነበርና። ሆኖም ፈርቶ ከርሞ በዚያ ወር ልቡን አደፋፍሮ የሄደው ሕመምተኛ ከተዘጋ በር ተመለሰ። ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ ድጋሚ ለመሄድ ወራት ፈጀባቸው።

ከባንኮኒው በኩል የታየው

ባለሱቅ ሰውን የሚያውቀው በቀኑና በሚገዛው ዕቃ ነው። ማን ሰኞ እንደሚመጣ፣ ማን ደሞዝ ሲወጣ ዱቤውን እንደሚዘጋ እናውቃለን። አንዲት እናት በየወሩ ከክሊኒክ ሲመለሱ እኛ ጋ አረፍ ብለው ሽሮ ገዝተው ይሄዱ ነበር። ኤፕሪል አለፈ፣ ሜይ አለፈ፣ አልመጡም። ሠፈሩ ሲከፈት ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው። «ደኅና ነኝ ልጆቼ፤ ሙቀቱ ነው መሰል ውኃ ውኃ ይለኛል እንጂ» አሉን። በቀን ሁለቴ የታዘዘላቸውን ክኒን አንዴ ብቻ ይውጡ ነበር። «ምነው እትዬ?» ስንላቸው «እንዳያልቅብኝ ቆጥቤ ነው» አሉ። በጎረቤት መለኪያ ሲለኩ 19 አለ።

እዚህ ላይ ለቤተሰቦች አንድ ነገር እናስረዳ። የኬንያ ክሊኒኮች ስኳርን የሚለኩበት ቁጥርና በአገራችን የለመድነው ቁጥር የተለያየ ነው። የኬንያውን በ18 ብታባዙት የአገራችንን ታገኛላችሁ። ባዶ ሆድ 7 ማለት 126 ነው፤ ይህም ስኳር አለ የሚባልበት መነሻ ነው። 4 ማለት 72 ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ስኳር አነሰ ይባላል። 19 ማለት እንግዲህ 342 ነው። አዲስ አበባ ያለችው የእኚህ እናት እኅት በስልክ «19 ብቻ? እንዲያውም ወርዶብሻል፣ ቶሎ ማር ላሺ!» ብላቸው ነበር። ቁጥሩን ባለማወቅ ሰው ሊሞት ይችል ነበር።

ሁለተኛው ሰው በሞያሌ መንገድ ጭነት ያመላልስ የነበረ ሾፌር ነው። አዲስ ጫማ እግሩን ላጠው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛልና ሕመሙ አልተሰማውም። እሱም ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነስንሶ በጨርቅ አሰረው። ቀድሞ በየወሩ ሲሄድ ነርሷ ጫማውን አስወልቃ እግሩን ታይለት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለሰባት ወር እግሩን ያየለት ባለሙያ አልነበረም። ሱቃችን ሲገባ ሽታው ነገረን። ወደ ሕክምና ሲደርስ መግሉ አጥንት ነክቶ ስለነበር ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪና መንዳት ግን ቀረ፤ የአምስት ሰው እንጀራም አብሮ ቀረ። ኮሮና ይህን ሰው አልያዘውም። በሟቾችም በታማሚዎችም ቁጥር ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ስኳር እንዳለበት ማንም የማያውቅ የ19 ዓመት ልጅ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ትልልቅ ለስላሳ ከእኛ ይወስድ ነበር፤ ሱሪው ግን በየሳምንቱ ይሰፋበት ነበር። ቤተሰቡ «ሥራ ፈትቶ ተጨንቆ ነው» አሉ። አንድ ሌሊት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ፣ አስታወከ፣ አፉ እንደበሰበሰ ፍሬ ሸተተ። ሰው ሁሉ «ኮሮና ነው» ብሎ ሸሸ። በሰዓት እላፊ መኪና ፈልገን ሆስፒታል ሲደርስም መጀመሪያ የተጠረጠረው ኮሮና ነበር፤ ትንፋሹ ይመስላልና። ኋላ አንዲት ነርስ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ስትለካ እውነቱ ወጣ። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ ኪቶን የሚባለው በደም ውስጥ ተከማችቶ ደምን አሲድ ያደርገዋል። ሰዓታት ቢዘገይ ኖሮ ልጁን አናገኘውም ነበር። ዛሬ ኢንሱሊን እየወጋ ኮሌጁን ጨርሷል፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥም ተቀምጧል።

ከእነዚህ ሌላ በባንኮኒው ላይ የታዘብነው ነገር አለ። በዚያ ወራት ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦና ማር እንደዚያ ጊዜ ተፈልጎ አያውቅም። ለጉንፋን የአባቶቻችን መድኃኒት ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ማንኪያ ማር በሙቅ ውኃ የሚጠጣው ሰው ስኳር ያለበት ሲሆን፣ ከኮሮና ለመዳን ብሎ ስኳሩን እየቀለበ ነው። በጁን 2020 ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የጸናባቸውን የኮሮና ሕመምተኞች እንደሚረዳ በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ሲታወቅ ደግሞ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊገዛው የሚፈልግ በዛ። ይህ መድኃኒት ስኳርን በጣም ከፍ ያደርጋል። ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ቢሆን ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ይነግረው ነበር።

ቀጠሮ ለክኒን ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን ክሊኒክ የምንሄደው መድኃኒት ልንወስድ ይመስለናል። ስለዚህም መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝተን ከዋጥን ክትትሉ የቀረ አይመስለንም። በሱቅ አነጋገር እናስረዳችሁ። በጣት የሚለካው ስኳር የዕለቱን ሽያጭ እንደ መቁጠር ነው። ዛሬ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሱቁ ይትረፍ ይክሰር ግን አይነግራችሁም። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ግን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ሒሳብ ዘግቶ ያሳያል። ከቀጠሮው በፊት ሦስት ቀን እንጀራ ቀንሶ የሚሄደውን ሰው ያ ምርመራ ያጋልጠዋል።

በቀጠሮ ቀን እግር ይታያል፤ የደም ግፊት ይለካል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ውስጥና የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። ዓይንም ኩላሊትም እስኪጎዱ ድረስ አያሙም። ስኳር ጠላቱ ዝም ያለ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ለሰላምታ መልካም ነው፤ የስኳር መለኪያ ግን ሊሆን አይችልም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር አለባቸው። በአፍሪካ 24 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ክሊኒክ ሲዘጋ የሚጎዱት ካርድ ያላቸው ብቻ አይደሉም ማለት ነው፤ ካርድ ሊያወጡ ይገባቸው የነበሩትም ጭምር እንጂ።

በዚያ ጭንቅ የረዱን ነገሮች

ወረርሽኙ የሰውን ደግነትም አሳይቶናል። ከረዱን ነገሮች መካከል ብዙ ገንዘብ የጠየቀ የለም።

በመጀመሪያ፣ አንዳንድ ክሊኒኮች ስኳራቸው ለተረጋጋ ሰዎች የአንድ ወሩን መድኃኒት የሁለትና የሦስት ወር አድርገው ሰጡ። ቀጠሮው ራቀ እንጂ አልተሰረዘም። ይህን ያገኙት ግን በአብዛኛው የጠየቁ ናቸው። ያልጠየቀው የለመደውን 30 ክኒን ይዞ ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ስልክ። የማኅበራችን ወጣቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት አረጋውያንን ተከፋፍለው በሳምንት አንድ ቀን ይደውሉ ነበር። «እንዴት ነዎት?» ብቻ አልነበረም ጥያቄው። «ክኒኑ ስንት ቀርቷል? እግርዎን ዛሬ አዩት? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» ይሉ ነበር። ነርሷ በስዋሂሊ ስትደውልም ልጆቹ በሌላ ስልክ ገብተው ያስተረጉሙ ነበር።

ሦስተኛ፣ ፍሪጅ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከፍሪጅ ውጪ በመጠነኛ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያሉ። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ፍሪጅ የሌለው ሰው የሦስት ወር ኢንሱሊን ቢሰጠው የት ያኖረዋል? በእኛ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ እያደረግን፣ ላዩ ላይ ስም እየጻፍን የአራት ሰው ኢንሱሊን አቆይተናል። የምንጠነቀቀው ከበረዶ ቤቱ እንዳይጠጋ ነበር፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ አይወጋም። መብራት ሲጠፋም ፍሪጁ እንዳይከፈት በሩ ላይ ወረቀት እንለጥፍ ነበር።

አራተኛ፣ ቦዳ ቦዳ። ሠፈሩ ከተከፈተ በኋላ አንድ የምናምነው ኬንያዊ ባለሞተር የመድኃኒት ማዘዣውን ወስዶ፣ ሒሳቡ በኤምፔሳ ተከፍሎ፣ መድኃኒቱን ለየቤቱ ያደርስ ነበር። ከወሰደው ዕቃ አንድ ቀን እንኳ አጉድሎ አያውቅም። በዚህ በዓል ላይ ልናመሰግነው ይገባል።

ለነገ ምን እንያዝ?

ለየቤተሰቡ የምናሳስባቸው ጥቂት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ስኳር ላለበት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ፣ የመጨረሻው የኤችቢኤዋንሲ ውጤት፣ የክሊኒኩ ስልክና የቀጠሮው ቀን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ይጻፍበት። ፎቶውም በልጆቹ ስልክ ላይ ይኑር። አጃቢ የማይገባበት ቀን ቢመጣ ወረቀቱ ይናገራል።

2ኛ. ሐኪሙን ጠይቆ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት በቤት ማኖር። አሮጌውን አስቀድሞ መጨረስ፣ አዲሱን ለመጠባበቂያ መተው። ክኒን ከፍሎ መዋጥ ቁጠባ አይባልም። ሰው ሲታመምና ምግብ ሲያስጠላውም ኢንሱሊንን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው፤ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

3ኛ. እግርን በየምሽቱ ማየት። ለራሱ ጎንበስ ማለት ያቃተው ሽማግሌ ቢኖር የልጅ ልጁ ይይለት። ቁስል ከተገኘ ቡናም ቅጠልም ሳይነሰነስበት በማግስቱ ክሊኒክ ይታይ። ወረርሽኝ ቢኖርም፣ ጭንብል ተደርጎም ቢሆን፣ ለዚህ ይወጣል።

4ኛ. ለመውጣት የሚያስገድዱትን ምልክቶች ማወቅ። ብዙ ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድንገት መክሳት፣ ማስታወክና ፈጣን ትንፋሽ ካለ ነገ አይባልም። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መወናበድ ከመጣ ደግሞ ስኳሩ ወርዷልና፣ ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት ነው።

5ኛ. የጤና መድን ምዝገባን ማረጋገጥ። ቀድሞ የምናውቀው ኤንኤችአይኤፍ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ኤስኤችኤ በተባለው ተተክቷል። የድሮውን ካርድ ይዞ «አለኝ» ብሎ መቀመጥ በጭንቅ ቀን ያሳፍራል።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ዕድራችን ጠንካራ ነው። ሰው ሲሞትብን በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይመጣል፤ ለቀስተኛው ይመገባል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንት እንደምናዋጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ክብራችን ነው፤ እንዳይጓደልም እንመኛለን። ነገር ግን ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ሳይሆን የእሱን ጥቂት ክፍል ብቻ ለመጠባበቂያ መድኃኒት ብንመድብ፣ የሾፌሩ ወንድማችን ጣት ይተርፍ ነበር ብለን እናምናለን። ስለሆነም የሥራ አመራሩ ከዚህ በዓል በኋላ ሦስት ነገር እንዲወስን በትሕትና እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ መድኃኒት መግዛት ላልቻለ አባል የሁለት ወር የሚሸፍን ትንሽ ገንዘብ እንዲቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ቅድም የጠቀስነው ወረቀት በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ታትሞ ለየቤቱ እንዲታደል ነው። ሦስተኛው፣ የወጣቶቹ የስልክ ጥሪ ወረርሽኝ ሳይጠበቅ በወር አንድ ጊዜ እንዲቀጥል ነው። በዚህ ሁሉ የሰው ምስጢር ይጠበቅ። ስኳሩን ከጎረቤት የሚሰውር ሰው አለ፤ ምክንያቱን ማክበር ይገባናል። ስሙ በአዳራሽ እንዳይነበብ ካልፈራ ይመዘገባል።

ውድ ልጆቻችን፣ እናንተ የዚህ አገር ቋንቋ አፋችሁን የፈታችሁበት ናችሁ። እናትና አባታችሁ ክሊኒክ ሲሄዱ አብራችሁ ስትሰለፉ የትምህርት ሰዓት ያባከናችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። በዚያ ሰልፍ ላይ የምትተረጉሟት አንዲት ዓረፍተ ነገር የእናታችሁን ዓይን ልታቆይ ትችላለች። እናንተም ወላጆች፣ የቀጠሮውን ቀን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ «አላስቸግራቸውም» ብላችሁ አትደብቁ።

ማኅበራችን እዚህ የደረሰው አንዱ የሌላውን በር እያንኳኳ ነው። መንገድ ሲዘጋና ሰዓት እላፊ ሲታወጅም ያ ማንኳኳት አልቀረም። በሥራ ላይ ሳሉ በኮሮና ላለፉት የጤና ባለሙያዎች፣ በእነዚያ ዓመታት ላጣናቸው አባሎቻችንም ሁሉ ነፍሳቸውን ይማር እንላለን። በሕይወት ላለነው ደግሞ ጤናውን ይስጠን።

ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ከአዳራሹ ስትወጡ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነርሶች እኅቶቻችን ስኳርና የደም ግፊት በነጻ ይለካሉ። ኬኩ ከመቆረጡ በፊት እዚያ ጎራ በሉ። ሱቃችንም እንደተለመደው ክፍት ነው፤ ፍሪጁም ቦታ አለው።